አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ከ33 ተማሪዎች እስከ ራስ ገዝ ተቋም

በዛሬዋ ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘውዳዊው ሥርዓት ወድቆ ደርግ መጥቷል፤ ደርግም ሄዶ ኢሕአዴግ ተተክቷል፤ ኢሕአዴግም በተራው አልፏል። ዩኒቨርሲቲው ስሙ እየተለዋወጠ፣ አንዳንዴም በሩ እየተዘጋ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲውን የሚያውቀው በስድስት ኪሎ በር በኩል ሲያልፍ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ታሪክ የአገሪቱ የሳይንስ፣ የሕግ፣ የሕክምናና የፖለቲካ ታሪክ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ከአመሠራረቱ ተነሥተን፣ አደረጃጀቱንና ያፈራቸውን ሥራዎች አይተን፣ ለኢትዮጵያ ያለውን ፋይዳ እንመረምራለን። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲው በፊት

ከፍተኛ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት የሚባሉ የትምህርት ደረጃዎች ለብዙ ዘመናት ሲሠሩ ኖረዋል። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር፣ ከመምህር ወደ መምህር እየዞረ ለዓመታት ይማር ነበር። በሙስሊሙም ኅብረተሰብ ዘንድ በወሎ፣ በሐረርና በሌሎች አካባቢዎች የነበሩ የሃይማኖት ትምህርት ማዕከላት ደረሳዎችን ከሩቅ አገር ይስቡ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፈተ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ይላኩ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር ክፉኛ ጎዳው፤ በወረራው ዘመን ከተገደሉት መካከል ብዙ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ የሰው ኃይል እጥረት ገጠማት። አዲስ የሚደራጁት ሚኒስቴሮች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች የተማረ ሰው ይፈልጉ ነበር። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ከእነዚህ የሚመረቁት ተማሪዎች ግን በአገራቸው ውስጥ የሚቀጥሉበት ኮሌጅ አልነበራቸውም። ሁሉንም ወደ ውጭ መላክ ውድ ነበር፤ ቁጥሩም የአገሪቱን ፍላጎት አያሟላም ነበር።

ኮሌጁ ሲቋቋም

አፄ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጅ የማቋቋሙን ሥራ የሰጡት ለዶክተር ሉሲየን ማት ነበር። ዶክተር ማት ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት ይመሩ ነበር። ኢየሱሳውያን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በትምህርት ሥራ የታወቁ ካህናት ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ግን ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩ አልነበረም። የተጠሩት ለማስተማር ብቻ ስለነበር የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር።

ተቋሙ በመጀመሪያ ሥላሴ ኮሌጅ ተብሎ ታስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ፤ መቀመጫውም አራት ኪሎ ሆነ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። መምህራኑም ሆኑ መጻሕፍቱ በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ስለነበሩ በዚያን ጊዜ ሌላ አማራጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የእንግሊዝኛው አሠራር ዛሬም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት እንደቀጠለ ነው።

በሐምሌ 1946 ዓ.ም. ኮሌጁ ቻርተር ተሰጠው። ቻርተር ማለት አንድን የትምህርት ተቋም በሕግ የሚያቋቁምና ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን የሚያጎናጽፍ ሰነድ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ወጣት ከአገሩ ሳይወጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ማግኘት ቻለ።

በነዚሁ ዓመታት ሌሎች ኮሌጆችም በየፊናቸው ተከፈቱ። የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ። በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዕርዳታ ደግሞ የእርሻ ኮሌጅ በሐረርጌ፣ ዓለማያ ላይ ተመሠረተ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ አስተዳደርና የራሱ የውጭ አጋር ነበረው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር የማሰባሰብ ሐሳብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ለትምህርት ሲሰጥ

ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የሆነው የስድስት ኪሎ ቅጥር የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ሕንፃው የተሠራው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኙት የስዊድን አልጋ ወራሽ ከተቀበላቸው እንግዶች አንዱ ነበሩ።

በወረራው ዘመን የፋሺስቱ ገዢ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ይህንኑ ቤተ መንግሥት መቀመጫው አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ በግቢው ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ወጣቶች በዚያው ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። እርሱ ቆስሎ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ አካሄዱ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ በአደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የዚህ እልቂት መታሰቢያ ነው። በግቢው ውስጥ ጣሊያኖች የፋሺስቱን አገዛዝ ዓመታት በደረጃ ቆጥረው የሠሩት ጠመዝማዛ መወጣጫ ዛሬም አለ። ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ቤተ መንግሥቱ ሌላም ደም አይቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጀነራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለአድራጎቱ ድጋፋቸውን ለመግለጽ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ታግተው የነበሩ መሳፍንትና ሹማምንት በአንዱ ሳሎን ውስጥ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። የቀድሞው ቤተ መንግሥት ሕንፃም በንጉሠ ነገሥቱ አባት ስም ራስ መኮንን አዳራሽ ተባለ። ዙፋን የነበረበት ቤት መማሪያ መሆኑ መንግሥት ለትምህርት የሰጠውን ክብደት በግልጽ አሳይቷል።

ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይደራጃል?

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተበታትነው የነበሩትን ኮሌጆች አንድ ላይ አመጣ። የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምህንድስናና የሕንፃ ኮሌጆች፣ የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዓለማያው እርሻ ኮሌጅ እንዲሁም የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በአንድ ፕሬዚዳንትና በአንድ ደንብ ሥር ገቡ። ይህን አደረጃጀት በማጥናትና በማማከር የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፏል። በመጀመሪያው ጊዜ ተቋሙን በተጠባባቂነት የመሩትም ከዚያው የመጡት ዶክተር ሃሮልድ ቤንትሊ ነበሩ። ቀጥለው ልጅ ካሳ ወልደማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከእሳቸው በኋላ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 መሩት።

ለአዲስ አንባቢ አንዳንድ ስያሜዎችን ማብራራት ይገባል። ፋኩልቲ የሚባለው ተቀራራቢ የሆኑ የትምህርት ዓይነቶችን የሚያቅፍ ክፍል ነው፤ መሪው ዲን ይባላል። በፋኩልቲው ውስጥ እንደ ታሪክ፣ ፊዚክስ ወይም ቋንቋ ያለ አንድ ዕውቀት የሚያስተምረው ክፍል ዲፓርትመንት ነው። ኢንስቲትዩት ደግሞ ከማስተማር ይልቅ ለምርምር ያደላ ተቋም ነው። ሴኔት የሚባለው ጉባኤ መምህራንንና ኃላፊዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ የትምህርት ደረጃን፣ ፈተናንና ዲግሪን በሚመለከት ይወስናል።

በዚህ አደረጃጀት ዩኒቨርሲቲው በፍጥነት አደገ። የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ወቅቱ ኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎችን በአዲስ መልክ ያወጣችበት ስለነበር እነዚህን ሕጎች የሚተረጉሙ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ጠበቆች በብርቱ ይፈለጉ ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል፤ በኋላም የፋኩልቲው ዲን ሆነዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያዊ ሐኪም መሆን የሚቻለው በውጭ አገር ተምሮ ነበር። ዛሬ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሕሙማን በሪፈር የሚላኩበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ነው። በስድስት ኪሎ ደግሞ በአሜሪካ ዕርዳታ የተሠራው ዋናው ቤተ መጻሕፍት በጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም ተሰየመ፤ ተማሪዎች ዛሬም «ኬኔዲ» ይሉታል።

ዩኒቨርሲቲው ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ አፍሪካውያንም በሩን ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድሎች ሰጡ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች የመጡት ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ኖሩ፤ የፀረ ቅኝ ግዛት ትግላቸውንና ሐሳባቸውንም ይዘው መጡ። በኢትዮጵያ ተማሪዎች የፖለቲካ ንቃት ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ኢትዮጵያን ማጥናት

አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚለካው ባስመረቃቸው ሰዎች ቁጥር ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያልታወቀ ምን ዕውቀት አስገኘ ተብሎም ይጠየቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትልቁን ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ማጥናት እንዲቻል አደረገ። አራት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አደራጁ። የግእዝና የአማርኛ ብራናዎች፣ ሥዕሎች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የየብሔረሰቡ መገልገያዎች በአንድ ቦታ ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ በጥልቀት ማጥናት የፈለገ ሰው ወደ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ሮም መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1966 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያን ታሪክ በሰነድና በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ትምህርት አድርገውታል።

ሁለተኛው ምሳሌ እንዶድ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ በጥገኛ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ ትሉ የሕይወት ዑደቱን ለመጨረስ በውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የበሽታውን ስርጭት ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርመራ አረጋገጡ። ኢትዮጵያውያን እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የልብስ ማጠቢያ ለሳይንስ አዲስ መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሦስተኛው የአራት ኪሎው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ነው። ጂኦፊዚክስ የመሬትን ውስጣዊ ባሕርይ፣ መግነጢሷንና መንቀጥቀጧን የሚያጠና ሳይንስ ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር የመግነጢስ ወገብ ይባላል፤ መስመሩም በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አጋጣሚ ጣቢያው ተቋቋመ። መሪው ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ነበሩ። ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ ላይ ያለች አገር እንደመሆኗ የመሬት መንቀጥቀጥን መመዝገብ ከሕንፃ አሠራርና ከሰው ሕይወት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል።

አራተኛው የዕፅዋት ጥናት ነው። በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደርቀው በጥንቃቄ የተጠበቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ የመግለጽ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎች ብዙ ተመራማሪዎች ተሳተፉበት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች በስምንት ቅጾች ተመዝግበው ነበር። ዛሬ አንድ የግብርና ወይም የመድኃኒት ተመራማሪ የአንድን ተክል ማንነት ለማረጋገጥ የሚከፍተው ይህንን መዝገብ ነው።

አገልግሎትና የተማሪዎች ንቅናቄ

ዩኒቨርሲቲው በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። በደንቡ መሠረት ተማሪው ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ በየወረዳው ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በከተማ ያደጉ ወጣቶች የገበሬውን ኑሮ፣ የጭሰኛውን ሸክም፣ የመንገድና የሐኪም እጦትን በዓይናቸው አዩ። የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህር አገኙ፤ ተማሪዎቹም አገራቸውን አወቁ።

በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ጥያቄው የዘመኑን የመሬት ሥሪት መሠረት የሚነካ ነበር፤ ገበሬው የሚያርሰው መሬት ባለቤት ይሁን ማለት ነው። በተማሪዎች ማኅበር፣ በጽሑፎቻቸውና ንጉሠ ነገሥቱ ጭምር ይገኙበት በነበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ንባብ ላይ የፍትሕ ጥያቄ እየጎላ መጣ። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ክርክር ከፈተ።

በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሕይወት ጠፋ። ከአራት ዓመታት በኋላ የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ፣ በአደባባይ የተሰሙት መፈክሮች ብዙዎቹ በዚህ ግቢ የተወለዱ ነበሩ። መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

የደርግ ዘመን

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ዩኒቨርሲቲውን ዘጋው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፤ ትምህርት ቤትና ጉድጓድ ሠሩ፤ የገበሬ ማኅበራትን አደራጁ። የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከተቋሙ ተነሣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1975 ጸና።

ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ተማሪዎችንና መምህራንን በላ። ሌሎች ታሰሩ፤ ሌሎችም ተሰደዱ። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ግዴታ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ትልቅ የትምህርት እርምጃ ተወስዷል፤ በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተጀመረ። ድኅረ ምረቃ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ነው። የዶክትሬት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1987 ተከተለ። መምህራን ከአገር በሚሰደዱበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የሚተኳቸውን በራሱ ማፍራት ጀመረ።

ከ1983 ወዲህ

ደርግ ወድቆ የመንግሥት ለውጥ በመጣ ማግስትም ግቢው ጸጥ አላለም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ተማሪዎች ያደረጉት ሰልፍ በኃይል ተበተነ፤ የተማሪ ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ 42 መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። የታወቁ ምሁራንን በአንድ ጊዜ ማጣት ለዩኒቨርሲቲው ከባድ ጉዳት ነበር። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣና የመደራጀት ነፃነት እንዲከበር ሲጠይቁ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

በሌላ በኩል ከፍተኛ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ሰፋ። በዚህ መስፋፋት ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ የእናት ድርሻ ነው። በሥሩ የነበረው የዓለማያ ኮሌጅ ቀደም ብሎ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የጎንደሩ ኮሌጅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ መምህራን ሆነው የገቡት ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን የሠሩ ናቸው።

የትምህርቱ ወጪ አሸፋፈንም ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ ትምህርት፣ ምግብና መኝታ በመንግሥት ይሸፈን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት ተደነገገ፤ ተማሪው የወጪውን ከፊል ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ ገዝ ማለት ተቋሙ የመንግሥት ሆኖ ሳለ በተማሪ ቅበላ፣ በመምህራን ቅጥር፣ በገቢና በአስተዳደር ረገድ በራሱ ቦርድ የሚወስን ነው። ነፃነቱ ለትምህርት ጥራት ዕድል ይሰጣል፤ የድሃው ልጅ በክፍያ ምክንያት እንዳይቀር መጠበቅ ደግሞ ግዴታው ይሆናል።

ግቢዎቹና መርሑ

ዩኒቨርሲቲው በአንድ አጥር የተከበበ አይደለም። ስድስት ኪሎ አስተዳደሩ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የቋንቋና የሕግ ትምህርት ያለበት ዋና ግቢ ነው። አራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ቤት ነው፤ አምስት ኪሎ የምህንድስና። በልደታ የቀድሞው የሕንፃ ኮሌጅ ዛሬ የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኗል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በቢሾፍቱ ነው። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲው አካላት ናቸው። በቀን መማር ለማይችሉ ሠራተኞች የማታው ትምህርት፣ በተለምዶ «ኤክስቴንሽን» የሚባለው፣ ለአሥርተ ዓመታት በር ከፍቶ ቆይቷል።

የዩኒቨርሲቲው መርሕ በግእዝ የተጻፈ ሲሆን ከሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ከላከው መልእክት የተወሰደ ነው። ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙንም አጽንታችሁ ያዙ የሚል ምክር ይዟል። ለምርምር ተቋም ከዚህ የተሻለ መመሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ለአንባቢ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ70 ዓመት በላይ ባስቆጠረው ዕድሜው ዳኛ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህርና ደራሲ አፍርቷል። አገሪቱ ስለ ታሪኳ፣ ስለ ዕፅዋቷ፣ ስለ በሽታዎቿና ስለ ምድሯ የምታውቀው ብዙው ነገር በዚህ ተቋም የተጠና ነው። ታሪኩ እንደሚያሳየው ዩኒቨርሲቲው ያበበው መምህሩ በነፃነት ሲመራመርና ተማሪው ሳይፈራ ሲጠይቅ ነው፤ የተጎዳውም ይህ በተነፈገበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የአካዳሚክ ነፃነትን መጠበቅ የመምህራን ብቻ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

ለማየት የሚፈልግ ሰው መነሻው ቅርብ ነው። በስድስት ኪሎ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ለሕዝብ ክፍት ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን፣ ከልደት እስከ ሞት ያለውን የኢትዮጵያ ሕዝቦች ሕይወት በየቅርሱ ያያሉ። ልጆች ካሉዎት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ሀብት ነውና ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል።